«ድንኳን የምተክለው እኔ፣ ወጥ የምሠራው እኔ»

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። 46 ዓመቴ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የስካውት ትሩፕ (የልጆች ቡድን) ካቋቋመ ሁለት ዓመት ሆነው። 17 ወንዶች ልጆች አሉን፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ይሰበሰባሉ። ስካውትማስተሩ፣ ማለትም የትሩፑ ዋና መሪ፣ እኔ ነኝ። አብረውኝ የሚያገለግሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ እነሱም እንደኔ ሥራና ቤተሰብ ያለባቸው ናቸው።

ባለፈው ወር ካምፕ ወጣን። ዓርብ ከሥራ በቀጥታ ገበያ ሄጄ ዕቃ ገዛሁ። እንደደረስን ድንኳን ተከልኩ፣ እራት ሠራሁ፣ ዕቃ አጠብኩ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ነበሩ። ቅዳሜ ዘነበ። ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተቀመጥኩ ያወቅኩት ማታ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ነው። ወላጆች ልጁን በር ላይ አድርሰው ይሄዳሉ። አንድ አባት ደውሎ «የልጄ ባጅ ለምን ዘገየ?» አለኝ። ሦስት እናቶች ልጃችን ከቤት ውጪ አያድርም ብለዋል። ጎበዝ የነበረ ልጅም አለ፤ 16 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። ኢግል፣ የመጨረሻው የስካውት ደረጃ፣ መሆን ይመኝ ነበር። ፈርስት ክላስ ደረጃ ላይ ደርሶ መምጣት አቆመ። ባለቤቴ «ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ስካውትን?» ትለኛለች። ልተወው ይሆን?

ደከመኝ፣ ከሜሪላንድ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «እግሬ ሲንቀጠቀጥ» የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እኔም እዚያ ነበርኩና።

አትተወው። በዚህ ዓይነት ግን አትቀጥል። በዚህ ከቀጠልክ በስድስት ወር ውስጥ ሳትፈልግ ትተወዋለህ፣ ትሩፑም አብሮህ ይዘጋል። አንተ የተሸከምከው የሦስት አዋቂዎችን ሥራ አይደለም። የ17 ልጆችን ሥራ ነው። ከእጃቸው ወስደህባቸው ነው የደከመህ። ቅር እንዳይልህ፤ እኔም ወስጄባቸው ስለማውቅ ነው እንዲህ በግልጽ የምልህ።

በስካውት መሪነት የወጣሁት የመጀመሪያ ካምፔ ቨርጂኒያ፣ ፕሪንስ ዊልያም ፎረስት ፓርክ ውስጥ ነበር። ወሩ ኦክቶበር ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ሆኗል። እኔ ግን ቅጠል ያየሁበት ጊዜ የለም። ለ14 ልጅ እንቁላል እጠብስ ነበር። ከጎናችን ሌላ ትሩፕ ሰፍሯል። ሦስት አዋቂዎች ታጣፊ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። ልጆቹ እሳት ያነዳሉ፣ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። «ምን ዓይነት ሰነፍ ሰዎች ናቸው፣ ልጅ እያሠሩ ይቀመጣሉ?» አልኩ በሆዴ።

ትንሽ ቆይቶ 12 ዓመት የሚሆነው ልጅ በሰሃን ፓንኬክ ይዞ ወደ አዋቂዎቹ መጣ። አንዱ ጎኑ ከሰል ሆኗል፣ ሌላው ጎኑ ገና ሊጥ ነው። አንደኛው ሰውዬ ተቀበለው፣ ቆርሶ በላ። «ለሚቀጥለው እሳቱን ቀንስ፤ ላዩ ላይ አረፋ እስኪያወጣ አታገላብጠው» አለው። ሌላ ምንም አላለም። ልጁ እየሮጠ ተመለሰ። ሦስተኛው ፓንኬክ ሲወጣ ቡናማ ነበር። የእኔዎቹ 14 ልጆች ያን ሰዓት ሰሃን ይዘው ተሰልፈው የእኔን እንቁላል ይጠብቃሉ።

በኋላ ሰውዬው ቡና ይዞልኝ መጣ። «የእኛ ሥራ ማንም እንዳይጎዳና ማንም ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻውን እንዳይሆን መጠበቅ ነው። ሌላው የእነሱ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ 11 ዓመት አገልግያለሁ። እስካሁን ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠኝ ሰው የለም።

ይህ የእሱ ፈጠራ አይደለም። ስካውት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው። የስካውት መሥራች ቤደን ፖወል በ1907 ብራውንሲ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ ሲሰፍር፣ ፓትሮል በሚባሉ አራት ትንንሽ ቡድኖች ነው የከፈላቸው። ለእያንዳንዱ ፓትሮል ከልጆቹ መካከል መሪ ሰጠው። የባለጸጋም የሠራተኛም ልጆች ነበሩበት። እሱ አስተማረ፣ መሪዎቹ መሩ። ፓትሮል ከሌለ ስካውት የለም፤ ልጆች የሚጠበቁበት ቦታ ነው የሚሆነው፣ አንተም ሞግዚት ነህ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እኛ አገር ቤት ስናድግ በስምንት ዓመታችን ውሃ እንቀዳ ነበር። ሱቅ እንላካለን፣ መልስ ቆጥረን እናመጣለን፣ ታናሽ እናዝላለን። አደራ የተሰጠን ልጆች ነበርን። እዚህ ስንመጣ «እኔ የለፋሁት ይበቃል፣ ልጄ አይልፋ» ብለን ሁሉንም ነገር ከእጃቸው ወሰድን። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን የ13 ዓመት ልጅ ሽንኩርት መላጥ ሳይችል ሲቀር ልቤ ይሰበራል። ስካውት ያንን አደራ መልሰን የምንሰጥበት ጥሩ ቦታ ነው፤ ለዚህ ነው እንዳትተወው የምለምንህ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። 17 ልጅ ካለህ ሦስት ፓትሮል አድርጋቸው፤ ስድስት፣ ስድስት፣ አምስት። ጓደኛሞችን አትለያይ። እያንዳንዱ ፓትሮል መሪውን ራሱ ይምረጥ። ስም ያውጡ፣ ባንዲራ ይሥሩ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ለልጅ ግን ትልቅ ናት። ከዚያ ትሩፑ በሙሉ ሲኒየር ፓትሮል ሊደር፣ የፓትሮል መሪዎቹን የሚመራ ልጅ፣ ይምረጥ። አንተ የምትፈልገው ልጅ ካልተመረጠ ዝም በል። ለስድስት ወር ነው፣ እንደገና ይመረጣል። በጣም ጸጥተኛ የነበረ ልጅ ተመርጦ ሲያብብ አይቻለሁ። ቀልደኛውን መርጠው ሲጸጸቱም አይቻለሁ፤ ያም ትምህርት ነው።

ማክሰኞ ስብሰባው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ከሲኒየር ፓትሮል ሊደሩ ጋር ተቀመጥ፣ ሌላው አዋቂ እያያችሁ። «ዛሬ ምን አለ? ማን ይሠራዋል? ገመድ አለ?» ብለህ ጠይቀው። ስብሰባውን የሚመራው እሱ ነው። አንተ መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ ትናገራለህ፣ አለቀ። በወር አንድ ጊዜ የፓትሮል መሪዎቹ ብቻቸውን ተሰብስበው የሚቀጥለውን ወር ያቅዱ። አንተና ሌላው መሪ ጥግ ላይ ተቀመጡ። የስልኩን ጉዳይም እነሱ ይወስኑ። አዋቂ የከለከለውን ስልክ ልጅ ይደብቀዋል፤ ጓደኞቹ በድምፅ የወሰኑትን ግን ያከብራል። እኛ ጋ ልጆቹ የወሰኑት «ለፎቶና ለካርታ ይፈቀዳል፣ ምግብ ላይ አይፈቀድም» የሚል ነበር። እኔ ብሆን ከዚያ የተሻለ አላወጣም ነበር።

ልጅ መምራትን ከየትም አያመጣውም፤ ይማራል። ስካውት ለዚህ ቀላል አካሄድ አለው፦ አስረዳ፣ ሠርተህ አሳይ፣ እሱ ሲሠራ ከጎኑ ቁም፣ ከዚያ ልቀቅ። አብዛኞቻችን ሁለተኛው ላይ እንቀራለን። ሠርተን እናሳያለን፣ እንዲያውም ሠርተን እንጨርሰዋለን። አራተኛው ነው ከባዱ። እጅህ ሲያሳክክህ ኪስህ ውስጥ ክተተው። ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ማገዶው የት ነው?» ሲልህ መልስህ «የፓትሮል መሪህን ጠይቀኸዋል?» ይሁን። መጀመሪያ ግራ ይጋባሉ። ከሁለት ካምፕ በኋላ ወደ አንተ መምጣታቸውን ያቆማሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያስጠላሉ። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ስብሰባው ይንጫጫል። ድንኳን ጠማማ ይቆማል። ወላጆች አይተው «ይሄ ምን ሥርዓት ነው?» ይላሉ። ጠማማው ድንኳን ሰው ላይ እስካልወደቀ ድረስ ተወው፤ ሌሊት ሲዘንብበት ልጁ ራሱ ያቃናዋል። ዘልለህ የምትገባበት ቦታ ግን አለ፦ እሳት፣ ቢላዋ፣ ውሃ፣ የተጎዳ ልጅ፣ በልጅ ላይ የሚያሾፍ ወይም የሚያጠቃ ልጅ። እዚያ ላይ ምንም ዝምታ የለም።

ምግቡን ልንገርህ፣ እዚህ ላይ እኛ የምናተርፈው ነገር አለና። እያንዳንዱ ፓትሮል የራሱን ምግብ ያቅድ፣ ለነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ዶላር ተብሎ ይሰጠው፣ ራሱ ይግዛ፣ ራሱ ያብስል። ፈርስት ክላስ ለመሆን የምግብ ዝርዝር ከነበጀቱ ማውጣት ግዴታ ስለሆነ ሥራው ለደረጃቸውም ይቆጠርላቸዋል። ካምፕ የሚወጣው ዓርብ ማታ ነው፣ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ሽሮ ለካምፕ የተፈጠረ ምግብ ነው ማለት ይቻላል። ዱቄቱ ቀላል ነው፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ሽንኩርት፣ ዘይትና ውሃ ይበቃዋል። ልጆቼ የመጀመሪያውን ሽሮ ሲሠሩ ዱቄቱን በፈላ ውሃ ላይ በአንዴ ገለበጡት። የፒንግ ፖንግ ኳስ የሚያህል ጓል ወጣው፤ መሐሉ ሲከፈት ደረቅ ዱቄት። በሉት። በሚቀጥለው ካምፕ አንዱ እናቱን ጠይቆ መጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ጨመረው። አሁን ያ ልጅ ኮሌጅ ነው፣ ሽሮ ይሠራል።

አዋቂዎች ለብቻችሁ አብስሉ። እናንተም እንደ አንድ ፓትሮል ናችሁ። ንጹሕና ጥሩ አድርጋችሁ ሥሩ፣ ቡናም አፍሉ፤ ልጆቹ አይተው ይቀናሉ፣ ይማራሉ። ሙስሊም ልጆች ካሏችሁ ፔፐሮኒውንና ሆት ዶጉን አስቀድማችሁ አስቡበት። የዓመቱን ካላንደር ስታወጡ መጀመሪያ መስቀልን፣ ጥምቀትን፣ ዐቢይ ጾምንና ፋሲካን አስቀምጡ፤ ካምፑን ከዚያ በኋላ በክፍተቱ ውስጥ አስገቡ። እሑድ ቅዳሴ አያምልጠን የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። በዓመት ሁለት ሦስቱን ካምፕ ቅዳሜ ማታ የሚያልቅ አድርጉት። ከቄሱ ጋር አንድ ጊዜ ተቀምጦ መነጋገር የዓመት ቅሬታ ያስቀራል።

አሁን የአንተ የራስህ ሥራ ወደሆነው እንምጣ። የልጆቹ ደኅንነት። ይህን ለማንም አታስተላልፈውም።

ቦይ ስካውትስ ኦፍ አሜሪካ፣ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ስካውቲንግ አሜሪካ የሚባለው ድርጅት፣ በ2020 የባንክረፕሲ (የኪሳራ) ጥያቄ ለፍርድ ቤት ያቀረበው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከ82,000 በላይ ሰዎች በልጅነታችን በስካውት ውስጥ ጾታዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለው ካሳ ጠይቀዋል። ቁጥሩን ደግመህ አንብበው። ዛሬ ያሉት ደንቦች ከዚህ ሕመም ጋር አብረው ነው መነበብ ያለባቸው። «እኛ እኮ እንተዋወቃለን፣ የአንድ አጥቢያ ልጆች ነን» ብለህ አንዱንም እንዳትዘል። ከእነዚያ ልጆችም ብዙዎቹ በሚያውቁትና ቤተሰባቸው በሚያምነው ሰው ነው የተጎዱት።

ደንቡ ሲነገር ቀላል ነው። በማንኛውም ስብሰባና ካምፕ 21 ዓመት የሞላቸው ሁለት የተመዘገቡ መሪዎች ይኖራሉ። አንድ አዋቂ ከአንድ የሌላ ሰው ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም፤ ክፍል ውስጥም፣ መኪና ውስጥም፣ ስልክ ላይም። ለልጅ ቴክስት ስታደርግ ወላጁን ወይም ሌላ መሪን አብረህ አስገባ። በትሩፕ ካምፕ አዋቂ ከልጅ ጋር አንድ ድንኳን አያድርም፣ የራሱ ልጅ ቢሆንም እንኳ። አንድ ድንኳን የሚጋሩ ልጆችም በዕድሜ ከሁለት ዓመት በላይ አይበላለጡም። ሌሊት የሚያድር አዋቂ ሁሉ የተመዘገበ፣ ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣሪያ) ያለፈና የልጆች ጥበቃ ሥልጠናውን የወሰደ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው ካምፕ ላይ አይደለም። ማክሰኞ ማታ ፓርኪንግ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ሁሉም ሄዷል፣ አንድ ልጅ ቀርቷል። አባቱ የሊፍት ታክሲ እየነዳ ነው፣ «መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው፣ 20 ደቂቃ» ብሏል። ሌላው መሪ ነገ ሌሊት አሥር ሰዓት ሥራ አለበት። «አንተ ጠብቀው፣ እኔ ልሂድ» ይልሃል። አይሂድ። ሁለታችሁም ትቆማላችሁ፣ መብራት ያለበት ቦታ ላይ። ይህን የሚያውቅ አባት በሚቀጥለው ሳምንት ቀድሞ ይደርሳል። ካልደረሰም በተራ የሚቆይ ሌላ ወላጅ መድቡ።

አንድ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በልጅ ላይ ጥቃት ደርሷል ብለህ ከጠረጠርክ፣ ወይም ልጅ ከነገረህ፣ በዚያው ቀን ለፖሊስ ወይም ለልጆች ጥበቃ ቢሮ ትደውላለህ። መጀመሪያ ለቄሱ፣ መጀመሪያ ለሽማግሌ አይባልም። እኛ ነውርን በውስጥ መጨረስ የለመድን ሰዎች ነን። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ያስታርቅ፤ የልጅ ነገር ግን ለሽምግልና አይቀርብም። አጣርቶ የሚደርስበት ሌላ አካል ነው፣ የአንተ ድርሻ መደወል ነው።

ሦስቱን እናቶች እንግዲህ በዚህ በኩል ቅረባቸው። «ለምን አትለቁትም? እዚህ እኮ አሜሪካ ነው» አትበላቸው። ፍርሃታቸው ትክክል ነው። ይልቅ ደንቡን አስነብባቸው። ሥልጠናው በኢንተርኔት ነው፣ በነፃ ነው፤ እነሱም እንዲወስዱት ጋብዛቸው። እኔ የማውቃት አንዲት እናት ሥልጠናውን የወሰደችው እኛን ልትቆጣጠር ነበር። አሁን ከሁላችንም በላይ ደንብ የምታስከብረው እሷ ናት። ሴት ስካውትማስተር መሆን ከ1988 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ይህንንም ንገራቸው። ልጆቹን ደግሞ መጀመሪያ ለአንድ ቀን አውጣቸው። ሲ ኤንድ ኦ ካናል ለእናንተ ቅርብ ነው፣ ዳሩ ላይ ያለው የእግር መንገድ ሜዳ ነው። ቀጥሎ ለአንድ ሌሊት፣ ከቤት ብዙ ሳይርቅ። አንዷ እናት እምቢ ካለችም ልጇ ማክሰኞ ማክሰኞ ይምጣ። አታስጨንቃት።

ስለ ወላጆች መቅረት ጽፈሃል። «እባካችሁ እርዱን» ብለህ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጽፈህ ይሆናል። ማንም አይመልስም። እርዳታ የሚለው ቃል ለሁሉም የተነገረ ስለሆነ ለማንም አልተነገረም። እድርን አስብ። እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳንና ብረት ድስት የሚያስቀምጥ ዕቃ ግምጃ ቤት አለው። የአገራችን ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የትሩፕ ኮሚቴ ማለት ይኸው ነው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ያዥ፣ መኪና የሚመድብ፣ የጤና ፎርም የሚሰበስብ። ሰብሳቢውና ስካውትማስተሩ አንድ ሰው መሆን አይችሉም፤ አንተ ሁለቱንም ይዘህ ከሆነ ዛሬውኑ አንዱን ልቀቅ። ለወላጆች በእድር ቋንቋ ንገራቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ሥራውን ትንሽ አድርገህ፣ ስም ጠርተህ፣ ፊት ለፊት ጠይቅ። «አቶ እገሌ፣ አንተ ሒሳብ ትወዳለህ፣ ደረሰኝ ያዝልን» ሲባል እምቢ የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ገንዘቡን በአንድ ሰው እጅና በአንድ ሰው ስልክ ላይ አታስቀምጡት፤ የባንክ አካውንት፣ ሁለት ፈራሚ፣ በየወሩ የሚነበብ ሒሳብ ይኑር። የተጣሉ ትሩፖችን አይቻለሁ፣ ብዙውን ጊዜ የተጣሉት በገንዘብ ነው።

ስለ ባጅ የደወለልህን አባት ካምፕ ጋብዘው። እውነቴን ነው። ባጅ የሚፈረመው ልጁ ሠርቶ ሲያሳይ እንጂ ወላጅ ሲደውል እንዳልሆነ በስልክ ብትነግረው ይከፋዋል። ልጁ ቋጠሮውን ሦስቴ ሲሞክር፣ አራተኛው ላይ ሲይዝለት አጠገቡ ቆሞ ካየ ሁለተኛ አይደውልም። አንተ ግን ለይሉኝታ ብለህ እንዳትፈርም። ሌሎቹ ልጆች ያያሉ።

የ16 ዓመቱ ልጅ ነገር ጊዜ ስለማይሰጥ ነገ ጀምረው። ከፈርስት ክላስ ወደ ስታር ቢያንስ 4 ወር፣ ከስታር ወደ ላይፍ 6 ወር፣ ከላይፍ ወደ ኢግል 6 ወር ነው። ድምሩ 16 ወር። 18 ዓመት ከመሙላቱ በፊት መጨረስ አለበት፤ 21 ወር ቀርቶታል። ትርፉ አምስት ወር ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ 21 ሜሪት ባጅ (አንድ ሙያ ተምሮ የሚገኝ ባጅ) እና ራሱ አቅዶ የሚመራው የአገልግሎት ፕሮጀክት አለ። ይቻላል። የሚባክን ወር ግን የለውም። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ አድርገህ ስጠው፤ ብዙ ልጅ የሚቀረው ጊዜው ያለፈበት እየመሰለው ነው።

ለምን እንደቀረም ጠይቀው፣ ከወላጆቹ ጋር። እኔ የምገምተውን ልንገርህ። የ16 ዓመት ልጅ 11 ዓመት ከሆናቸው ጋር ተቀምጦ አዋቂ የሠራውን ምግብ ሲጠብቅ ያፍራል። የሚሠራው ነገር አልነበረውም። 16 ከሞላው ጁኒየር አሲስታንት ስካውትማስተር፣ የአንተ ወጣት ረዳት፣ ልታደርገው ትችላለህ፤ ለደረጃውም ይቆጠርለታል። አዲሶቹን ልጆች ድንኳን መትከል የሚያስተምር ሰው ያስፈልግሃል። «ናፍቀኸናል» ከምትለው «ያለ አንተ አልቻልኩም» በለው። እውነትም ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበልልህ። የጤና ፎርም ሁሉም ልጅ በየዓመቱ ይሞላል። ከ72 ሰዓት ለሚበልጥ ካምፕ ሐኪም የሚፈርምበት ክፍል አለው። በሰመር ቨርጂኒያ፣ ጎሸን ወደሚባለው የስካውት ካምፕ ለአንድ ሳምንት ለመሄድ ካሰባችሁ የሐኪም ቀጠሮውን በብርዱ ወራት አስይዙ። ዋናም እንዲሁ። እዚያ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለመግባት 100 ያርድ መዋኘት ይጠበቃል፤ አብዛኞቻችን ወላጆች ዋና አናውቅም፣ ልጆቹም ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ሳምንቱ ያልቅባቸዋል። ከጃንዋሪ ጀምሮ በሰፈራችሁ ፑል ያለማምዷቸው። ጋቢ የሚልኩ እናቶች አሉ። ጋቢ ድንኳን ውስጥ፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ፣ ከሁሉ የበለጠ ነው። ግን ጥጥ ነው፤ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀትም ይወስዳል። እሳት ዳርም አይለበስ። ለዝናብ ለዝናቡ የተሠራ ጃኬት፣ ለእግር የሱፍ ካልሲ።

ባለቤትህ ያለችው ልክ ነው። ከሚቀጥሉት ሦስት ካምፖች አንዱን አንተ ሳትሄድ ሁለቱ ጓደኞችህ ይምሩት፤ እነሱም የተመዘገቡና የሠለጠኑ ናቸው። ያን ቅዳሜ ስልክህን ዝጋና ከእሷ ጋር ዋል። ልጆቹ ያለ አንተ ድንኳን ይተክላሉ።

ማክሰኞ ስትሄድ አንድ ታጣፊ ወንበር መኪናህ ላይ ጫን። ፓትሮሎቹን አስመርጥ፣ ጥግ ላይ ዘርጋውና ተቀመጥ። መጀመሪያ ቀን አሥር ጊዜ ትነሳለህ፤ እኔ ከዚያም በላይ ነው የተነሳሁት። የ16 ዓመቱ ልጅ ምን እንዳለህ ደግሞ ጻፍልኝ።

እትዬ